ምዕራፍ ስድስት፦ ያው መራጭ፣ ሌላ ውጤት

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የደምቢዶሎ መራጭ የገዢውን ፓርቲ ዕጩ ትቶ፣ ከጀርባው ምንም ፓርቲ የሌለውን አንድ ሰው ፓርላማ ላከ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ከኦሮሚያ 178 የፓርላማ ወንበሮች አንዱ እንኳ ለተቃዋሚ ወይም ለግል ተወዳዳሪ አልደረሰም። ግንቦት 16 ቀን 2007 ደግሞ በመላ አገሪቱ 547ቱም ወንበሮች የገዢው ፓርቲ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ ጊንጪ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ወለጋን ጨምሮ ኦሮሚያን አዳረሰ።

በእነዚህ አሥር ዓመታት ውስጥ በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢዶሎ የሚኖረው ሰው በመሠረቱ ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? «ሕዝቡ ሐሳቡን ቀየረ» የሚለው መልስ አያስኬድም። መቶ በመቶ የደገፈ ሕዝብ በስድስት ወር ውስጥ ለምን አደባባይ ይወጣል? «ድምፁ ተሰረቀ» የሚለው በየቦታው እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ግን በገዛ እጁ ምልክት ያደረገው ሰው ለምን እንዳደረገ አይነግረንም። ምርጫን የሚያጠና ሰው ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መራጭ የልቡን ፍላጎት ብቻ ይዞ አይሄድም። ከቀረቡለት ዕጩዎች ውስጥ፣ ከነማን ጋር እንደሚኖር እያሰበ፣ ነገ ምን ይመጣብኝ ይሆን እያለ አስልቶ ይመርጣል። የልብ ፍላጎቱና ወረቀቱ ላይ ያረፈው ምልክት አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ አንዳንዴ ይራራቃሉ። የወለጋ የምርጫ ታሪክ ይህን ርቀት ለማየት ከየትኛውም የአገራችን ክፍል ይልቅ የሚመች ይመስለኛል።

በደምቢዶሎው ሰው እንጀምር። ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ የተወለዱት እዚያው ደምቢዶሎ ነው፣ በ1935 ዓ.ም.። በጀርመን አገር ለዶክትሬት የጻፉት ጥናት የዚያው አካባቢ፣ የሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ነው። ከ1987 እስከ 1994 የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ነበሩ፤ በ1993ቱ የኢሕአዴግ ክፍፍል የኦሮሚያ ክንፉ ከሆነው ከኦሕዴድ ወጡ። ከሥልጣን የተሰናበተ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ የሚያዝ ሕግ ነበርና፣ በ1997 በግል ሲወዳደሩ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠውን ጥቅም አጡ። ያም ሆኖ አሸነፉ። በዚያ ዓመት ፓርላማ የገባ ብቸኛው የግል ተወዳዳሪ እርሳቸው ናቸው።

ለምን አሸነፉ? ምላሹን ከሁለት አቅጣጫ መፈለግ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1949 ቪ. ኦ. ኪ የተባለው አሜሪካዊ የፖለቲካ ሊቅ ስለ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር አስተዋለ። በአላባማ የውጤት ካርታ ላይ አንድ ዕጩ በትውልድ ቀዬውና በአጎራባቹ ከፍተኛ ድምፅ ያገኛል፤ ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ድምፁ ይሳሳል። ፓርቲዎች በማይፎካከሩበት ቦታ ሰው የሚያውቀውን ይመርጣል። የአገር ልጅነት፣ ዝምድና፣ አብሮ መማር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ማደግ ፓርቲን ይተካሉ። ሁለተኛው ምላሽ ከዚህ የተለየ ነው፤ መራጩ ለነጋሶ ፍቅር ሳይሆን በኦሕዴድ ላይ ቅሬታ ነበረው፤ ሌላ ማንም ቢቀርብ ይመርጠው ነበር የሚል ነው።

እነዚህን ሁለት ማብራሪያዎች በክርክር ሳይሆን በቁጥር መለየት ይቻላል። የየጣቢያው ውጤት በእጃችን ካለ፣ የነጋሶ ድምፅ ከደምቢዶሎ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስንወጣ ይወርዳል ወይስ ባለበት ይዘልቃል? ከወረደ የአገር ልጅነቱ ጉልበት ነበረው ማለት ነው። ርቀቱ ሳይበግረው እኩል ከዘለቀ ግን ቅሬታው ይበልጥ ነበር እንላለን። ጥሩ የምርጫ ጥናት እንዲህ ያለ ነው፤ ሁለት ማብራሪያዎች የተለያየ ነገር እንዲተነብዩ አድርጎ ያቆማቸዋል፣ ከዚያ ይቆጥራል።

በዚያው ምርጫ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ የመሩት የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኦፌዴን) 11 ወንበር አገኘ። አቶ ቡልቻ ራሳቸው የቦጂ፣ የወለጋ ሰው ነበሩ። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ቸኩለው «ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው የሚመርጠው በብሔሩ ነው» ይላሉ። እስኪ ቆም ብለን እናስብ። በወለጋ አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ የኦሕዴድ፣ የኦፌዴንና የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኦብኮ) ዕጩዎች ቢሰለፉ ሁሉም ኦሮሞ ናቸው፤ ሁሉም በአፋን ኦሮሞ ነው የሚቀሰቅሱት። ብሔር ከመካከላቸው ማን እንደሚያሸንፍ ምንም አይነግረንም። ብሔር ጉልበት የሚኖረው ፉክክሩ በአገር ደረጃ ሲታሰብ ነው፤ ወረዳው ውስጥ ሲገባ ሌላ መስመር ይነሣል፦ ጎሣ፣ አውራጃ፣ ቤተ እምነት፣ ከተማና ገጠር።

ይህን በሚገባ ያሳየው ዳንኤል ፖስነር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት የቼዋንና የቱምቡካን ሕዝቦች ከዛምቢያና ከማላዊ ድንበር ወዲህና ወዲያ አነጻጸረ። ድንበሩን ያሰመሩት እንግሊዞች ናቸው፤ ቋንቋውም ባህሉም በሁለቱም ወገን አንድ ነው። ማላዊ ውስጥ ግን ቼዋና ቱምቡካ በፖለቲካ ባላንጣ ናቸው፣ ዛምቢያ ውስጥ ደግሞ አጋር። ምክንያቱ የሕዝቡ ብዛት ነው። በትንሿ ማላዊ ሁለቱም ለብቻቸው ፓርቲ መሸከም የሚችሉ ትልልቅ ቡድኖች ናቸው፤ በሰፊዋ ዛምቢያ ሁለቱም ትንንሾች ስለሆኑ «የምሥራቅ ሰዎች» ተብለው ይደመራሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ማንነቱን ሳይለውጥ፣ የፉክክሩ ሜዳ ሲሰፋና ሲጠብ ብቻ፣ የሚመርጥበት መስመር ይለወጣል። የወለጋ ተማሪ ይህን ጥናት ሳያነብ ስለ ብሔርና ምርጫ ባይጽፍ እመርጣለሁ።

ነቀምቴ ለዚህ ዓይነት ጥናት የምትመች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የምሥራቁ መንገድ ከአምቦ፣ የምዕራቡ ወደ ጊምቢና ደምቢዶሎ፣ የደቡቡ ወደ በደሌ፣ የሰሜኑ ወደ ቡሬና ጎጃም የሚገናኙባት ናት። ስሟ በዓለም የቡና ገበያ ይታወቃል። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ ከጨረሰ በኋላ የኖረውና ያስተማረው እዚህ ነው፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ከጽኑ መሠረቶቿ አንዱ ይህ ምድር ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከከተማዋ ከ75 ሺህ በላይ ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ፕሮቴስታንት፣ ቀጥሎ ኦርቶዶክስ፣ ከዚያም ሙስሊም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮቴስታንት በሚበዛበት የምርጫ ክልል ተቃዋሚ ቢያሸንፍ «ፕሮቴስታንቱ ተቃዋሚን መረጠ» ብሎ መጻፍ ይቀላል። ስሕተት ነው። ምናልባት እዚያ ተቃዋሚን የመረጠው ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ሊሆን ይችላል፤ የክልሉ ድምር ያን አይነግረንም። ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን በአሜሪካ ቆጠራ አሳይቷል፦ ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች በሚበዙባቸው ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ይበዛል፤ ሰው በሰው ሲቆጠር ግን ከውጭ የመጡት ከሌላው ያነሰ የተማሩ ነበሩ። መጤዎቹ የሰፈሩት ትምህርት በተስፋፋባቸው ግዛቶች ስለነበረ ነው። የወረዳን ድምር አይቶ ስለ ግለሰብ መናገር፣ በጋዜጣችንም በመመረቂያ ጽሑፎቻችንም ተደጋግሞ የሚታይ ጥፋት ነው።

ሃይማኖት በምርጫ ላይ ጉልበት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ጉልበቱ ከትምህርተ ሃይማኖቱ ይልቅ ከመሰባሰቡ ይመጣል። ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1940 በኦሃዮ ግዛት ኢሪ በተባለ አውራጃ 600 ያህል ሰዎችን መርጠው፣ ከግንቦት እስከ ኅዳር በየወሩ እየተመላለሱ እነዚያኑ ሰዎች ጠየቁ። የሬዲዮና የጋዜጣ ቅስቀሳ መራጩን ከወዲያ ወዲህ ሲያላጋው እናያለን ብለው ነበር የጠበቁት። ያገኙት ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው ከመነሻው እንደ ቤተሰቡ፣ እንደ ምእመን ጓደኞቹ፣ እንደ ሥራ ባልደረቦቹ ሊመርጥ አስቦ ነበር፤ እንደዚያው መረጠ። ጋዜጣና ሬዲዮን በቅርብ የሚከታተሉት በየሰፈሩ ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው ከእነርሱ ይሰማል። ሐሳብ ከመገናኛ ብዙኃን ወደ እነዚያ ጥቂቶች፣ ከእነርሱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

በወለጋ ከተሞች እነዚያ ጥቂቶች እነማን ናቸው? መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ ቄሱ፣ የጉባኤ ሽማግሌው፣ ሼኩ፣ ቡና ይዞ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ነጋዴ፣ የእድሩ ዳኛ። ከእሑድ አምልኮ በኋላ ደጅ ላይ ቆሞ የሚወራው፣ ለቅሶ ቤት ምንጣፍ ላይ የሚባለው፣ ሬዲዮ ከሚለው ይበልጥ ይታመናል። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ሦስት ወር ገደማ ሲቋረጥ፣ አገሪቱ ለዚያው ዓመት ምርጫ እየተሰናዳች ነበር። በኋላ ምርጫው በኮቪድ ምክንያት ተላለፈ። እንደዚያ ባለ ጊዜ ፊት ለፊት የሚተላለፈው ወሬ ብቻውን ይቀራል፤ ወሬ ደግሞ እንደ አስተላላፊው ነው።

አሁን ወደ 1997 እና 2002 ልዩነት እንመለስ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ብዙ ተደርጓል። በ1997 ኢሕአዴግ 760 ሺህ ያህል አባላት ነበሩት፤ በ2000 ከ4 ሚሊዮን አለፉ። የቀበሌ ምክር ቤቶች ወደ 300 አባላት ሰፉ። የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት እስከ ጎጥ ወረደ። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ የመታወቂያ ወረቀት፣ የመንግሥት ሥራ፣ ሁሉም የሚያልፈው በአንድ በር ነበር፤ በሩን የያዘውም ያው ድምፅ የሚጠይቀው ነበር። ገበያ ውስጥ አንድ ጨው ሻጭ ብቻ ካለ፣ ሁሉም ከእርሱ መግዛቱ ሁሉም እንደሚወደው አያሳይም።

ጥቅም ድምፅን ምን ያህል ይገዛል? ይህን በሙከራ የፈተነው ቤኒናዊው ሊዮናርድ ዋንቼኮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በቤኒን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት እውነተኛ ዕጩዎችን አሳምኖ፣ በዕጣ በተለዩ መንደሮች ሁለት ዓይነት ቅስቀሳ እንዲያደርጉ አደረገ። በአንዱ መንደር «ለአካባቢያችሁ ይህን እሰጣለሁ፣ ልጆቻችሁን ሥራ አስገባለሁ» ተባለ፤ በሌላው ስለ አገር አቀፍ ፖሊሲ ብቻ ተነገረ። ባጠቃላይ የአካባቢ ጥቅም ቃል የገባው ቅስቀሳ ይበልጥ ሠራ። ሴቶች ግን ከወንዶች ይልቅ ለፖሊሲው ቅስቀሳ ጆሮ ሰጡ። ምናልባት በአካባቢ የሚታደለው ጥቅም ቀድሞ የሚደርሰው ወንዶቹ ጋ ስለሆነ ይሆናል። ወለጋ ውስጥ ይህን የመሰለ ጥናት ቢሠራ ሴት ገበሬዎች ምን እንደሚሉ ማወቅ እጅግ እፈልጋለሁ።

ድምፅ ምስጢር ከሆነ ግን ጥቅሙን ተቀብሎ የፈለጉትን መምረጥ አይቻልም ወይ? ሕጉ እንዲያ ይላል። መራጩ ካርዱን አሳይቶ፣ ስሙ ከመዝገብ ተመሳክሮ፣ ጣቱ ላይ ቀለም ተቀብቶ፣ ወረቀቱን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። ወረቀቱ ላይ የዕጩው ስምና ምልክት አለ፤ ለኢሕአዴግ ንብ ነበር፣ በ2013 እርሱን ለተካው ብልጽግና አምፖል። የኤክስ ምልክት ያደርጋል፣ ወይም በአውራ ጣቱ አሻራ ያኖርበታል፤ አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ ይከታል። ማንም አላየውም። ይሁን እንጂ ድምፁ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያ ነው፣ ውጤቱም ተሞልቶ እዚያው ይለጠፋል። ይህ ማጭበርበርን ለመከላከል ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል የጥቂት መቶ ሰዎች ጣቢያ ውጤት፣ የትኛው ጎጥ «እንቢ» እንዳለ ለቀበሌው ሊቀ መንበር በግልጽ ያሳያል። የግለሰቡ ምስጢር ተጠብቆ የመንደሩ ምስጢር ይወጣል። ማዳበሪያ የሚመጣው ደግሞ ለመንደር ነው።

ፍርሃትን ማጥናት ከባድ የሆነው ጥያቄው ራሱ ስለሚያስፈራ ነው። አፍሮባሮሜትር የተባለው የአፍሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ጠያቂው በመጨረሻ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ የላከኝ ማን ይመስልዎታል?» መልሱ «መንግሥት» ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሰጡት መልሶች ሁሉ በሌላ ዓይን ይነበባሉ። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያውያን ለአገራቸው ዴሞክራሲ የሰጡት ነጥብ ከፍ ያለ ስለነበረ፣ ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ ይህ ከፍርሃት ነው፣ ከመረጃ እጥረት ነው፣ ወይስ ዴሞክራሲን በሌላ መንገድ ከመረዳት ብለው ራሱን የቻለ ጥናት ጻፉ።

ለእንዲህ ያለው ችግር ተመራማሪዎች አንድ ዘዴ አላቸው። መልስ ሰጪዎቹ በዕጣ ሁለት ላይ ይከፈላሉ። ለመጀመሪያው ወገን ሦስት ነገሮች ይነበቡላቸዋል፦ ለቅሶ ደርሻለሁ፣ ዕቁብ ገብቻለሁ፣ ነቀምቴ ገበያ ወጥቻለሁ። «ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ስንቱን አድርገዋል? የትኞቹን እንደሆነ አይንገሩኝ፤ ቁጥሩን ብቻ።» ለሁለተኛው ወገን አራተኛ ይጨመራል፦ ማዳበሪያ እንዳልከለከል ብዬ መርጫለሁ። እንበል፣ የመጀመሪያው ወገን አማካይ 2.1፣ የሁለተኛው 2.4 ሆነ። ልዩነቱ 0.3 ነው፤ ከመቶ ሠላሳ የሚሆኑት አራተኛውን አድርገዋል ማለት ነው። «አራቱንም» ካላሉ በቀር፣ ማን እንደሆኑ ጠያቂውም አያውቅም፣ ቀበሌውም አያውቅም። ሰውን ለአደጋ ሳያጋልጡ እውነትን ማግኘት የሚቻልበት መንገድ ስለሆነ፣ በኛ አገር ከማንኛውም መጠይቅ በፊት ሊማሩት የሚገባ ነው።

ቱርካዊ-አሜሪካዊው ምሁር ቲሙር ኩራን፣ የምሥራቅ አውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 በወራት ውስጥ ለምን እንደ ወደቁ ሲያስረዳ የሰጠው ምክንያት ለ2007ቱ ምርጫና ለ2008ቱ ተቃውሞ ይሠራል። እያንዳንዱ ሰው የልቡን ደብቆ የሚፈለግበትን ሲናገር፣ ሁሉም ሌላውን ደጋፊ አድርጎ ያስበዋል። ጥቂቶች ደፍረው ሲወጡ ጎረቤቱ ለካ እንደ እርሱ ኖሯል፤ ቀጣዩ ይወጣል። መቶ በመቶ የሚል ውጤት ስለ ሕዝቡ ፍላጎት ከማንኛውም ሌላ ውጤት ያነሰ የሚያሳውቅ ነው፤ ገዢውንም ራሱን ያሳውረዋል።

የቀረው ነገር ወረቀቱ ላይ ማን ነበር የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመወዳደርም በምርጫ ክልሉ ንብረት መያዝ ግድ ነበር። ጭሰኛው ሊመርጥ ይችላል፣ ሊመረጥ አይችልም። በ1979 ዓ.ም. የሸንጎ ምርጫ ዕጩዎቹን የሚጠቁሙት የጊዜው ገዢ ፓርቲ ኢሠፓና የብዙኃን ማኅበራት ነበሩ። ሰኔ 14 ቀን 1984 በተደረገው የክልል ምርጫ ወለጋ ላይ ሰፊ ድጋፍ የነበረው የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ራሱን አገለለ። ከ29 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዕለት፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ፣ ኦነግም የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስም (ኦፌኮ) አልነበሩም፤ ኦፌኮ አባሎቹ መታሰራቸውንና ጽሕፈት ቤቶቹ መዘጋታቸውን ምክንያት አድርጎ ወጥቷል። በብዙ የኦሮሚያ ምርጫ ክልሎች የብልጽግና ዕጩ ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። በወለጋ አንዳንድ ቦታዎችም በጸጥታ ምክንያት ምርጫ አልተካሄደም። በእንዲህ ያለ ምርጫ «ሕዝቡ ማንን መረጠ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። የሚጠና ነገር ካለ፣ ማን ተመዘገበ፣ ማን ቤቱ ቀረ፣ ስንት ወረቀት ባዶውን ገባ የሚለው ነው።

ስለዚህ በወለጋ ከተሞች ለምትኖሩ መምህራንና ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። በ1997 ደምቢዶሎ፣ ነቀምቴ፣ ጊምቢና ቦጂ ድምፅ የሰጡ፣ በጣቢያ የታዘቡ፣ ኮሮጆ የከፈቱ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። ስማቸውን ሳትጽፉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ያን ቀን ማንን ሰምተው ማንን እንደ መረጡ መዝግቡ። ምርጫ ቦርድም ከ1987 ጀምሮ ያለውን የየጣቢያውን ውጤት ተማሪ ሊያነበው፣ ሊደምረውና ሊያነጻጽረው በሚችልበት መልክ ለሕዝብ ያኑር።